ስለ ባሌ ተራራ፥ በላዩም ስለሚኖሩት አራዊት

ባሌ በኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከስምጥ ሸለቆ ማዶ ያለ ሰፊ አገር ነው። ከሮቤና ከጎባ ከተሞች በስተ ደቡብ የሚታየው ታላቅ ተራራ የዚህ አገር ራስ ነው። ራስ መባሉም ስለ ከፍታው ብቻ አይደለም፤ ቆላውን የሚያጠጣው ውሃ ከርሱ ስለሚወርድ፥ በሌላ አገርም የማይገኙ አራዊት በርሱ ላይ ስለሚኖሩ ነው። ነገር ግን ዘወትር የሚታይ ነገር አያስደንቅም። በተራራው ሥር ያደገ ልጅ ቀይ ቀበሮ በየአገሩ ያለ ይመስለዋል፤ ምንጩም ለዘለዓለም የሚፈስ ይመስለዋል። ስለዚህ በመንደር ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህርና ቃሉ በአገሩ የሚሰማ ሽማግሌ የተራራውን ነገር ከነምክንያቱ ሊያውቁት ይገባል።

ስለ ተራራው አፈጣጠር

የባሌ ተራራ ድንጋይ ከምድር ውስጥ በእሳት ቀልጦ የወጣ ነው። ይህም የሆነው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። የቀለጠው ድንጋይ ተራ በተራ እየፈሰሰና እየተደራረበ ስለ ረጋ፥ የተራራው ራስ እንደ ጦር የሾለ ሳይሆን እንደ ገበታ የተዘረጋ ሆነ። ይህ በራሱ ላይ ያለው ሜዳ ሳነቴ ይባላል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ነው። በሳነቴ ላይ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጉብታ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ትርጓሜውም በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው። ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባለው የኢትዮጵያ ምድር ከርሱ የሚበልጥ ተራራ የለም።

በጥንት ዘመን በዚህ ሜዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ ተኝቶበት ነበር። ይህ በምን ታወቀ ቢሉ፥ በረዶው ሲንሸራተት ገፍቶ የከመራቸው ድንጋዮች እስከ ዛሬ አሉ። ደግሞም በሳነቴ ላይ ሰው የደረደራቸው የሚመስሉ ታላላቅ ድንጋዮች በሰልፍ ተሰልፈው ይታያሉ። እነዚህን የደረደረ ግን የሰው እጅ ሳይሆን መሬቱን በየጊዜው ያረጋውና ያሟሟው የነበረ ብርቱ ብርድ ነው።

በዚያ ዘመን እንኳ ሰው ከዚህ ተራራ አልራቀም። በወይብ ሸለቆ ፊንጫ ሀበራ በተባለው ስፍራ፥ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፥ አንድ የድንጋይ ጥላ አለ። ሊቃውንት በ2011 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በዚህ ዋሻ ይቀመጡ ነበር፤ እሳት ያነዱ፥ ከተራራው ጥቁር ባልጩትም ስለት ይሠሩ ነበር። ከአመዱ ውስጥ ከተገኘው አጥንት የሚበዛው የግዙፉ ፍልፈል አጥንት ነው። ይህም ፍልፈል በእሳት እየተጠበሰ ምግብ ሆኗቸው እንደ ነበር ያስረዳል።

ስለ ተራራው ደረጃ ከአንገቱ እስከ ሳነቴ

ተራራውን ከደቡብ በኩል የሚወጣ ሰው እንደ ደረጃ ያገኘዋል፤ በየደረጃውም ዛፉና አውሬው ይለወጣል።

የመጀመሪያው ደረጃ የሀረና ደን ነው። የአንገቱና የደሎ መና ሰዎች የሚያውቁት ይህ ደን በ1,500 ሜትር አካባቢ ይጀምራል። በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና ይበቅላል፤ ሰዎችም እየገቡ ይለቅሙታል። በዛፎቹም ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር ይቆርጣሉ። በደኑ ውስጥ አንበሳ፥ ነብር፥ ተኩላ፥ የዱር አሳማና ጉሬዛ ይኖራሉ።

ከዚያ ከፍ ሲሉ ቀርከሃ ይገኛል። የባሌ ጦጣ የሚባለው ከባሌና ከሲዳማ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ሌሎች ጦጣዎች ፍሬውንም ሥሩንም ትሉንም ሲበሉ፥ ይህ ግን በቀርከሃው ደን የሚኖረው ከምግቡ የሚበዛው ለጋ የቀርከሃ ቅጠል ነው። ስለዚህ ቀርከሃ ሁሉ ተቈርጦ ያለቀ እንደ ሆነ የዚህ ጦጣ ገበታ ተነሣ ማለት ነው።

ከቀርከሃው በላይ ኮሶ፥ ከኮሶውም በላይ አስታ ይከተላል። የአስታው ዛፍ በጉም ውስጥ ይኖራል፤ በቅርንጫፎቹም ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል ግራጫ ነገር ይበቅልበታል። ዛፉም ይህም ጢም መሰል ነገር ጉሙን እየያዙ ጠብ ጠብ ያደርጉታል፤ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን እንኳ ከሥሩ ያለው መሬት ይረጥባል።

አስታው እያጠረ ሄዶ ሲያልቅ ሳነቴ ይገኛል። በዚያ ዛፍ የለም። ከጅብራ በቀር ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል አይታይም። ጅብራ ለብዙ ዓመታት በዝግታ ያድጋል፤ ጥቅጥቅ ያለው ቅጠሉም የእንቡጡን ልብ ከውርጭ ይጠብቃል። ከዚያም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም ምሰሶ አውጥቶ ያብባል፤ ዘሩን ከበተነ በኋላም ይደርቃል። አንድ ጅብራ ሳያብብ የቈረጠ ሰው ስለዚህ አንድ ተክል ብቻ አልቈረጠም፤ የዘመናት ድካሙንና ገና ያልወለዳቸውን ልጆቹን አብሮ ቈረጠ።

በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ያሉ አገሮችም እንዲህ ናቸው፤ ወደ ሰሜን በሄዱ መጠን ዛፉ ያንሳል፥ በመጨረሻም ብርዱ ያስቀረዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በዚያ ብርድና ሙቀት የሚፈራረቁት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በሳነቴ ግን በየቀኑ ይፈራረቃሉ። በበጋ ወራት ሌሊቱን ውሃ ይረጋል፥ ሣሩም በውርጭ ይነጣል፤ ረፋድ ላይ ግን ፀሐይ ፊትን ታቃጥላለች። በሰሜኑ አገር ብርዱ በጸና ጊዜ ብዙ አዕዋፍ አገራቸውን ትተው ይሰደዳሉ፤ ከነዚህም አንዳንድ ዳክዬዎችና ንስሮች እስከ ሳነቴ ኩሬዎች ድረስ ይመጣሉ። የሳነቴ ነዋሪዎች ግን የሚሰደዱበት ስፍራ የላቸውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው እንዲህ ያለ ሰፊ ደጋ በአፍሪካ ውስጥ ከባሌ የሚበልጥ አይገኝም፤ ሆኖም በዙሪያው ሁሉ ሞቃት ምድር ስለ ከበበው፥ በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ነው።

ስለ ፍልፈልና ስለ ቀይ ቀበሮ

በዚህ ደሴት ላይ ከሚኖሩት ሁሉ አስቀድሞ ሊነገርለት የሚገባው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ከባሌ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ኑሮውም ከመሬት በታች ነው። ሣር ሲፈልግ ራሱንና ትከሻውን ከጒድጓዱ ብቅ ያደርጋል፤ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ ነጭቶ ይሰበስባል፤ ወዲያውም ወደ ኋላው ይገባል። እየቈፈረም አፈሩን ከታች ወደ ላይ ይገለብጣል። ገበሬ በማረሻው የሚሠራውን ይህ ትንሽ ፍጥረት በጥርሱ ይሠራል ማለት ነው።

ከዚህ ፍልፈል ኑሮ ጋር የተያያዘው ቀይ ቀበሮ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1830ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ የተጓዘው ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በስሜን አገኘው፤ ስለዚህ የሊቃውንት መጠሪያው የስሜንን ስም ይዞ ቀረ። የሚበዛው ቍጥር ግን በባሌ ነው። በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ስለ ምን እንዲህ ተባለ ቢሉ፥ ባዝራ ልትወልድ ስትል የእንግዴ ልጁን ለመብላት ይከተላታል ስለሚባል ነው።

ቀበሮው ከ11 እስከ 19 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እግሩ ረጅም፥ አፉ ቀጭን ነው። አፉ ስለ ምን ቀጠነ ቢሉ፥ ከጒድጓድ አፍ ፍልፈልና አይጥ ለመንጠቅ እንዲመቸው ነው። በጎችን አልፎ አልፎ ቢነካ እንኳ፥ በባሌ ምግቡ ሁሉ ለማለት በሚቻል መጠን አይጥና ፍልፈል ነው። ስለዚህ የበግ ሁሉ ጠላት አድርጎ መቍጠር ትክክል አይደለም።

አኗኗሩም ሊታወቅ የሚገባው ነው። ቀን ቀን እያንዳንዱ ለብቻው ያድናል፤ ጧትና ማታ ግን ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ሰላምታ ይለዋወጣል፥ የአገሩንም ድንበር አብሮ ይዞራል። ከቤተ ሰቡ መካከል የምትወልደው ብዙውን ጊዜ አንዲቱ አለቃ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከ2 እስከ 6 ግልገሎች ትወልዳለች፤ የቀሩትም ሁሉ ምግብ እያመጡ የርሷን ልጆች ያሳድጋሉ። ይህ መተባበር ለኑሮአቸው ብርታት ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ እንደሚነገረው ግን ለበሽታም መንገድ ይሆናል።

ሊቃውንት እንደሚገምቱት በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከነዚህም ከእኩሌታ የሚበልጡት በባሌ ተራራ ላይ ናቸው። አንድ ትልቅ የመንደር ሠርግ ከዚህ የበዛ ሰው ይሰበስባል።

ስለ ደጋ አጋዘንና ስለ ፓርኩ

ከተራራው በስተ ሰሜን፥ በዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ የሚባል የሣር ሜዳ አለ። በዚያና በአካባቢው ባለው የጥድና የኮሶ ጫካ የደጋ አጋዘን ይኖራል። ወንዱ የተጠማዘዘ ቀንድ አለው፤ ክብደቱም እስከ 300 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህም እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ቢሆን የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባሉት ደጋዎች ብቻ ነው። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው፥ የአውሮፓ ሊቃውንት ግን በመጽሐፋቸው የጻፉት ገና በአውሮፓውያን 1910 ዓመት ነው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሌስሊ ብራውን የተባለው የአዕዋፍ ሊቅ ወደ ባሌ መጥቶ አጋዘኑንና ተራራውን መረመረ፤ ስፍራውም እንዲጠበቅ አሳሰበ። በ1962 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ ስፋቱም 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። በዚህም ምክንያት ስሙ በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ ሆኖም መዝገብ ብቻውን እረኛ አይሆንም።

ስለ ውሃው

ተራራው ለአራዊት ብቻ የተለየ አይደለም። የሳነቴ ሜዳ በኩሬና በረግረግ የተሞላ ነው፤ ሣሩና አፈሩ የክረምቱን ዝናብ መጥጠው ይይዙታል፥ በበጋም በዝግታ ይለቁታል። ልብስ ውሃ ጠጥቶ ቀስ በቀስ እንደሚንጠባጠብ ያለ ነው። ከዚህ ተራራና ከአካባቢው ወይብ፥ ወልመል፥ ዱማል፥ ገናሌና ዋቢ ሸበሌ ውሃቸውን ያገኛሉ። ወይብ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ገናሌ በዶሎ አጠገብ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይባላል፤ ሶማሊያንም አቋርጦ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ቆላ፥ በሶማሊያና በኬንያ ድንበር ያለው ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ በዚህ ውሃ ይኖራል። ሳነቴን አይቶት የማያውቅ የግመል እረኛ ግመሎቹን የሚያጠጣው ከሳነቴ በወረደ ውሃ ነው።

ስለዚህ በላይ ያለው ሣርና አስታ ቢቃጠልና መሬቱ ቢራቈት፥ ዝናቡ ሳይጠጣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ያን ጊዜ በክረምት ጎርፍ፥ በበጋ ደግሞ ደረቅ ወንዝ ይሆናል። ጕዳቱ መጀመሪያ የሚደርሰው በሥሩ ባሉት መንደሮች ነው።

ስለሚያሠጋው ነገር

ተራራውን የሚያሠጉት ነገሮች ብዙዎች ናቸው፤ ከነዚህ ግን ሦስቱ በመንደር ሰው እጅ ያሉ ናቸው።

አንደኛው የውሻ በሽታ ነው። እረኞች ከብቶቻቸውን ወደ ደጋ ሲያወጡ ውሾቻቸው አብረው ይወጣሉ። ከነዚህ አንዱ በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ እንደ ሆነና ቀበሮ የነከሰ እንደ ሆነ፥ ቀበሮዎች በቤተ ሰብ የሚኖሩ ስለ ሆኑ በሽታው ከአንዱ ወደ አንዱ ያልፋል። በ1984 ዓ.ም. አካባቢ፥ በ1996 ዓ.ም.፥ ደግሞም በ2001 ዓ.ም. እንዲህ ሆነ። በ1996ቱ ጊዜ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ እጅ ሦስቱ እጅ ያህል አለቁ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታ ገባባቸው። ከዚህም በቀር ውሻና ቀበሮ ተዳቅለው የተወለዱ ግልገሎች ታይተዋል፤ ይህም የቀበሮውን ዘር ያጠፋል።

መድኃኒቱ ግን ይታወቃል፤ እርሱም ክትባት ነው። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ሥራ በተራራው ዙሪያ ያሉትን ውሾች ሲያስከትብ ቈይቷል፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በሥጋ ውስጥ የተደረገ ክትባት ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው መስጠት ተጀመረ። የተከተበ ውሻ ቀበሮውን ብቻ አያድንም፤ የባለቤቱንም ልጆች ያድናል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን ከሞት የሚያስጥል መድኃኒት የለውምና። ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፥ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። ይህን እያንዳንዱ ተማሪ በቃሉ ሊይዘው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው እሳት ነው። አስታው የሚቃጠለው ለከብት ለጋ ሣር እንዲበቅል፥ አውሬም እንዲርቅ ተብሎ ነው። አስታ አንድ ጊዜ ቢቃጠል ከሥሩ ያቈጠቍጣል፤ እየተደጋገመ ቢቃጠል ግን ዛፍ መሆኑ ቀርቶ ቍጥቋጦ ሆኖ ይቀራል፥ ጉሙንም የሚይዝ አይኖርም። በ1992 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው እሳት ብዙ ደን እንዳጠፋ የሚያስታውሱ ሽማግሎች አሉ። ከነርሱ አፍ የሚወጣ ቃል ከመጽሐፍ ይልቅ በልጆች ልብ ይቀመጣል።

ሦስተኛው የከብት ብዛት ነው። በባሌ ጎዳንቱ የሚባል የጥንት ሥርዓት አለ፤ ይኸውም ከብት በየወራቱ ከቆላ ወደ ደጋ፥ ከደጋም ወደ ቆላ የሚወጣበትና የሚወርድበት ነው። ከብቱም በተራራው ላይ ካለው ሆራ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። የዚህ ሥርዓት ጥበብ ምንድር ነው ቢሉ፥ ከብቱ በሌለበት ወራት ሣሩ ያርፋል። አሁን ግን ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ በደጋው መቀመጥ ስለ ጀመረ፥ ሣሩ የማረፊያ ጊዜ እያጣ ነው። ሣሩም ሲያልቅ አይጡና ፍልፈሉ ይቀንሳል፥ ቀበሮውም ይራባል፥ ከብቱም ይከሳል። የተራራ ልጅ ከብቱን ትቶ ይኑር ማለት አይደለም፤ የአባቶቹን ሥርዓት ለዛሬው ብዛት እንዲስማማ አድርጎ ይጠብቅ ማለት ነው እንጂ።

ከነዚህ ሁሉ በላይ የምድር ሙቀት እየጨመረ መሄዱ አለ። ሙቀት ሲጨምር የቆላው ተክል ወደ ወይና ደጋ፥ የወይና ደጋውም ወደ ደጋ ይወጣል። የሳነቴ ፍጥረት ግን ወዴት ይወጣል? ከቱሉ ዲምቱ በላይ ሰማይ እንጂ ሌላ ደጋ የለም።

መምህራንና ሽማግሎች ሊያደርጉት ስለሚገባ

መምህሩ ይህን ሲያስተምር ሩቅ ምሳሌ መፈለግ የለበትም። በሮቤና በጎባ ያለው ልጆቹን ወደ ደቡብ አዙሮ ተራራውን ያሳያቸው፤ በአንገቱ ያለውም ወደ ደኑ ወስዶ ዛፉን በስሙ ያስጠራቸው። በጋ ሲሆን ወደ ወንዝ ያውርዳቸውና፥ ዝናብ ሳይዘንብ ይህ ውሃ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃቸው። መልሱን ራሳቸው እስኪያገኙት ድረስ አይንገራቸው።

ሽማግሎችም ጎዳንቱ በወጣትነታቸው እንዴት እንደ ነበረ፥ የትኛው ሜዳ መቼ ይከበር እንደ ነበረ፥ የትኛውም ምንጭ እንደ ደረቀ ለልጆች ይንገሩ። የክትባት ሰዎች ወደ መንደር በመጡ ጊዜ ውሻቸውን ቀድመው ያምጡ፤ ሽማግሌ ያደረገውን ጐረቤት ያደርገዋልና። የማይከተብና የማይመገብ ውሻ ማብዛት ለባለቤቱም ለአገሩም ጕዳት እንደ ሆነ ያስረዱ።

ቀይ ቀበሮና ግዙፉ ፍልፈል በሌላ አገር ቢኖሩ ኖሮ፥ አንዱ አገር ቢያጠፋ ሌላው በጠበቀ ነበር። በባሌ ተራራ ግን ግዙፉ ፍልፈል ሁሉ፥ ከቀይ ቀበሮውም የሚበዛው እጅ በአንድ ስፍራ ስለ ተሰበሰበ፥ ጠባቂው የቅርቡ ጐረቤት ነው። ጐረቤቱም በዲንሾ፥ በጎባ፥ በሪራና በአንገቱ ያለው ሰው ነው።